ምስክሩ ሰማይ ላይ የነበረ ሰው

ዘርአ ዳዊት የሰላ ድንጋይ ቄስ ልጅ ነበር። ድቁናውን ትቶ የራዲዮ መገናኛ ተማረና ደብረ ብርሃን ላይ የመንግሥት መልእክት አስተላላፊ ሆነ። ዱሮም ፈሪ ነው፤ ከታኅሣሡ ግርግር ወዲህ ግን ባሰበት። አንድ የሥራ ባልደረባው መልእክት አዘግይተሃል ተብሎ ተወስዶ አልተመለሰም።

በ፲፱፻፶፫ ሐምሌ፣ ጉም ከተማውን በዋጠበት ሰሞን፣ ራዲዮው በድንገት ዝም አለ። ዘርአ ዳዊት አዲስ አበባን ደጋግሞ ጠራ። የመለሰለት እሳት ላይ የወደቀ ጨው የመሰለ መንጣጣት ብቻ ነበር። መሣሪያውን ቢፈትሽ ጉድለት አጣበት። ምክንያቱን ግን ገምቷል። ሰው ሠራሽ ጨረቃዎች ከፀሐይ የሚረጨውን፣ ኤሌክትሪክ ያዘለ ደቃቅ ብናኝ የሚቆጥር መሣሪያ ተሸክመው እንደሚዞሩ፣ ብናኙ ሲበዛም የራዲዮን ሞገድ የሚመልሰው የላይኛው አየር እንደሚታወክ ከውጭ አገር ጣቢያ ሰምቶ ነበር።

ለምሳ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለወለተሐና ነገራት።

«ታዲያ ይህንኑ ለአለቆችህ ንገራቸዋ!»

«ፀሐይ ናት ያፈነችው ልበል? ምስክርህን ጥራ ቢሉኝስ?»

«ጨረቃይቱን ጥራላቸዋ!» ብላ ልትስቅ ስትል ፊቱን አየችና ተወችው።

«ሆን ብለህ ዘጋህ ይሉኛል። የተሰበረ ነገር ካላዩ አያምኑኝም።»

ተመልሶ የቢሮውን በር ከውስጥ ቀረቀረ። ከራዲዮው ሆድ አንዷን የመስተዋት አምፑል ነቀለና በፒንሳ ጫፍ መታት። ተሰነጠቀች። መልሶ ሰካት። መለዋወጫ ስላልነበረ ራዲዮው እንደተዘጋ ቆየ።

ሳምንት ሳይሞላ ሻምበል ብርሃነ መስቀል የሚባል መርማሪ በጂፕ ደረሰ። ዘርአ ዳዊት ገና ሳይጠየቅ አምፑሏን አውጥቶ አሳየው።

«ይቺ ናት ጌታዬ። ይቺ ተሰብራ ነው።»

ሻምበሉ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ስማ፣ የዚያን ዕለት የማንም ራዲዮ አልሠራም። የእኛም፣ የሐረርም። ሰው ሠራሽ ጨረቃው ላይ ያለው መቁጠሪያ ከልክ በላይ ቆጥሯል፣ ጥፋቱ የፀሐይ ነው ብለው ፈረንጆቹ ነግረውናል። በማግስቱ ሁሉም ተከፈተ፤ ያንተ ብቻ ቀረ። እኔ የመጣሁት ለዚህ ነው።»

አምፑሏን ወደ መስኮቱ አነሣት። የፒንሳው ጭረት መስተዋቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል።

«ማን መታት?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ፈርቼ ነው።»

«ማንን?»

ዘርአ ዳዊት ቀና ብሎ አየው። ሻምበሉ አምፑሏን ኪሱ ከተተና ተነሣ።

«ኮትህን ደርብ» አለው፤ «መንገዱ ይበርዳል።»