በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለው አንድ ዓይን

ጋሽ ሣህሌን የቦንጋ ሰው የሚያውቃቸው በሱቅ ማስታወቂያ ነው። ከገበያው እስከ መናኸሪያው ካለው የፀጉር ቤትና የፋርማሲ ጽሑፍ አብዛኛው የእጃቸው ሥራ ነው። ሙያውን የተማሩት ግን በልጅነታቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሠሩ ከነበሩ አንድ መሪጌታ ዘንድ ነው። ይዲድያ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። በሰሜኑ ጦርነት ሞተ።

ይዲድያን ለዘመቻ የመዘገበው ሐዲስ የሚባል ሹም ነው። ሺሺንዳ ላይ በገበያ ቀን ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ «ድልድይ ነው የምትጠብቁት፤ ግንባር የሚባል ነገር የለም» አለ። ወንድሜ አምባውም ይህን አምኖ ተመዘገበ። ሁለቱም ከሥልጠና በቀጥታ ግንባር ተላኩ፤ አልተመለሱም። ሐዲስ የራሱን ልጅ ከምዝገባው በፊት አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ሰዶት ነበር። የዞኑን መዛግብት የምይዝ ሰው ነኝ፤ ያላጣራሁትን አልጽፍም።

ጦርነቱ ሲያበቃ በቦንጋ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የሟቾቹ መታሰቢያ እንዲሣል ተወሰነ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሐዲስ ሆነ። ጋሽ ሣህሌ እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። እሺ አሉ።

«እኔን ልጆቹን ስሸኝ ይሣሉኝ» አላቸው ሐዲስ። «መሃል ላይ።»

«መሃል ላይ ይሆናሉ። እጅዎን ልጄ ትከሻ ላይ አደርገዋለሁ።»

«ጌታ ይባርክዎት! የተቀየሙኝ መስሎኝ ነበር።»

የሟቾቹን ፎቶግራፍ ከየቤቱ ሰብስቤ ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ። በምረቃው ዕለት መጋረጃው ሲገለጥ ልጆቹ ሁሉ ፊት ለፊት ያዩናል፤ አምባውም፣ ይዲድያም። ሐዲስ ብቻ በጎን ተስሏል። የሚታየው አንድ ዓይኑ ነው።

«ሳንቲም ላይ ያለውን አንበሳ አስመሰሉኝ እኮ!» ብሎ አጨበጨበ።

ሐዲስ ያደገው ሥዕል በሌለበት ቸርች ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ፣ ይሁዳና ሰይጣን ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ አያውቅም። የሚያውቁት እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ልጃቸው ከሟቾቹ መሃል ያለው እትዬ ትርንጎ ግን አልቻሉም።

«አንተ ሣህሌ፣ ይሁዳን አዳራሽ ድረስ አመጣህልን?»

ሳቁ እስከ በሩ ደረሰ። ሐዲስም አብሮ ሳቀ።

ነገሩን ሰው ያስረዳው በማግስቱ ነው። ፎቶግራፎቹን ልወስድ ጋሽ ሣህሌ ቤት ሳለሁ ሐዲስ በሩን በርግዶ ገባ።

«ሁለተኛውን ዓይን ይጨምሩ!»

«ፊትዎ ዞሯል። የት ላይ ልጨምረው?»

«እንግዲያው ያጥፉኝ!»

«እጅዎ ልጄ ላይ ነው። እርስዎን ስፍቅ እሱም ይፋቃል። ሥዕሉ የሟቾቹ እናቶች ነው፤ እነሱን ያስፈቅዱ።»

«ይሄ በቀል ነው!»

«አዎ» አሉ ጋሽ ሣህሌ፣ ብሩሻቸውን እያጠቡ። «ልጅዎን ከአዲስ አበባ ያስመጡና እዚያ ግድግዳ ሥር ያቁሙት። ያን ጊዜ ፊትዎን አዞርልዎታለሁ።»

ሐዲስ በሩን ወርውሮ ወጣ። ደስ አለኝ፤ ዛሬም ደስ ይለኛል። እናቶቹ ጋ ግን አልሄደም። በምን አፉ?

አሁን ከዋጫና ከቢታ ገነት ተማሪዎች ሥዕሉን ሊያዩ ይመጣሉ። ጦርነቱ የት የት እንደነበር ወዲያው ይረሱታል። «ባለ አንድ ዓይኑ ማነው?» ብሎ ሳይጠይቅ የሚወጣ ግን የለም። ስሙን እኔ እነግራቸዋለሁ፤ በድምፅ ማጉያው ያለውንም ጭምር።

ግድግዳው በዝናቡ ስለሚረጥብ ክረምት በወጣ ቁጥር ጋሽ ሣህሌ ሊያድሱት ይመጣሉ። ዘንድሮ የይዲድያ ጉንጭ ተልጦ ነበር። እሳቸው ግን መሰላሉን ሐዲስ ፊት አቁመው ዓይኑን ማድመቅ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ይዲድያን ቢያስቀድሙስ?» አልኳቸው።

«ልጄን እኔ አልረሳውም» አሉ ዘወር ሳይሉ። «ይሄንን ግን ሰው ይረሳዋል።»

ጥቁሩን ቀለም አቀበልኳቸው።