ጫልቱ ሳህኗን ይዛ ወደ ማድ ቤት ስትሄድ

ዛሬ ለፋሲካ ምሳ የጠራኋት ጫልቱ፣ ሳህኗን ከጠረጴዛው አንስታ ቀጥታ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ድሮ እቤቴ ስትሠራ የበዓሉን ምሳ የምትበላው እዚያ ነበር፣ ለብቻዋ። ያስለመድኳት እኔ ነኝ። አሁን እዚሁ አዳማ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ አለቃ ሆናለች።

ከመጽሐፍ አንብቤ ጠረጴዛውን ሹካ በግራ ቢላ በቀኝ አድርጌ ያሰናዳሁት ለእሷ ነበር። (መጽሐፉ ስለ ዶሮ ወጥ ምንም አያውቅም።)

ተከትያት ገባሁ። "ጫልቱ፣ በድዬሻለሁ። ነይ አብረን እንብላ።"

"ኧረ እትዬ፣ እግሬ ነው የወሰደኝ!" ብላ ሳቀች። መጥታም አጠገቤ ተቀመጠች።

የሟች ባለቤቴ ድርሻ የነበረውን ፈረሰኛ አወጣሁላት።

"ይሄማ የጋሼ ነው!"

"ዛሬ ያንቺ ነው።"

ሹካውን ገፋ አድርጋ፣ ከፈረሰኛው ቆርሳ መጀመሪያ እኔን አጎረሰችኝ።

እናንተስ ዘግይታችሁ ወደ ማዕዳችሁ የጠራችሁት ሰው አለ? እስቲ አጫውቱኝ።