አባቴ የመረጡልኝ አምፕሊፋየር

አባቴ ጊታር ስጫወት ሰምተውኝ አያውቁም ነበር። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በደብር ቅጥር ግቢ ተማሪ ሲያስጠኑ የኖሩ የዜማ መምህር ናቸው፤ እኔ ደግሞ የምጫወተው ፒያሳ ካለ ጭፈራ ቤት ነው። ጊታር ከያዝኩ ወዲህ ቤት ተከራይቼ ለብቻዬ እኖራለሁ። ልጠይቃቸው ስሄድ "ሥራ እንዴት ነው?" ይሉኛል እንጂ ሥራሽ ምንድን ነው ብለውኝ አያውቁም። ይህ ዝምታ አንጀቴን ያሳርረው ነበር።

ከከተማችን ዳር አዘዞ ያለ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሁለት አሮጌ አምፕሊፋየሮች ለሽያጭ ማዘጋጀቱን ነግሮ ፎቷቸውን በስልክ ሲልክልኝ ዘዴ መጣልኝ። ሁለቱም የድሮዎቹ ናቸው፤ የሚሠሩት በትራንዚስተር ሳይሆን እንደ አምፖል ቀስ ብለው በሚግሉ የመስታወት ቫልቮች ነው። የጊታርን ድምፅ እንደነሱ የሚያለሰልስ የለም። አንዱ እንደሚያስፈልገኝ እውነት ነው፤ ለመምረጥ አጋዥ ያስፈልገኛል ማለቴ ግን ነጭ ውሸት ነበር። የጥገና ሱቅ ጭፈራ ቤት አይደለም። እዚያ አባቴ የግዳቸውን ይሰሙኛል ብዬ ቆረጥኩ።

"አባባ፣ የምገዛው ዕቃ አለ። ጆሮዎን ፈልጌ ነው" አልኳቸው።

"የምን ዕቃ?"

"ድምፅ የሚያጎላ።"

መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ጠጋኙ ሱቅ ተከተሉኝ።

ጠጋኙ "የኔታ!" ብሎ ብድግ አለና ያለችውን አንዲት በርጩማ ለቀቀላቸው። ጊታሬን ትልቁ ላይ ሰካሁ። ዓይኔ የገባው እሱ ነበር፤ ጥቁር ልባሱ ያብረቀርቃል። ቫልቮቹ እስኪግሉ ጠበቅኩ። ከዚያ ፍርሃቴን ለመሸፈን ድምፁን ከፍ አድርጌ ራሴ የሠራኋትን አንዲት ዜማ ለቀቅኳት። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብሎኖች ተንጫጩ።

አባቴ ፊታቸውን አጨፈገጉ። "ምነው ልጄ፣ ወንዝ ማዶ ላለ ሰው ነው እንዴ የምትጫወቺ? ዝቅ አርጊው። የድምፅ ሸጋነት ዝቅ ሲል ነው የሚታወቅ። እኔም ተማሪ ስቀበል አስቀድሜ በለሆሳስ ነው የማስዜመው።"

ዝቅ ሳደርገው ትልቁ ማጉረምረም ጀመረ። ወደ ትንሹ ቀየርኩ። የፊቱ ጨርቅ ተቀዷል፣ እጀታውም በሽቦ የታሰረ ነው፤ ክሮቹን በለሆሳስ ስነካቸው ግን እያንዳንዷ ጥርት ብላ ተሰማች።

"ይሄኛው ርክርኩን አይውጠውም" አሉ። ርክርክ በዜማ ምልክት ድምፅ የሚርገበገብበት ቦታ ነው። እኔ ክሩን በጣቴ እያርገበገብኩ የማመጣውን ነገር በራሳቸው ትምህርት ስም ጠሩት።

ምርጫው አለቀ ብዬ ጊታሬን ልነቅል ስል "ድገሚ" አሉኝ።

ደገምኩ። መሐል ላይ ጣታቸውን አነሡ።

"እዚህ ላይ ቸኮልሽ። ድገሚ።"

አሁን የሚያዩት አምፕሊፋየሩን አልነበረም፤ እጄን ነበር። ልጅ ሳለሁ ወንዶቹ ሲማሩ ከግድግዳ ጀርባ ተቀምጬ ይህችን "ድገም" የምትል ቃል ስሰማ ነው ያደግኩት። ለእኔ ተብላ ግን አታውቅም። በተደጋጋሚ አስቆሙኝ፤ አፈርኩ፣ ተናደድኩ፣ ደስታዬም ሌላ ነበር። የጣቶቼ ጫፍ እየነደደ እንኳ ይበቃኛል አላልኩም። ቢፈልጉ እስከ ማታ እደግማለሁ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

በመጨረሻ ጠጋኙ "እንግዲህ የትኛው ሆነ፣ የኔታ?" አለ።

"ዕቃውስ ትንሹ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ዜማይቱ ግን ገና አልቀናችም። ጾሙ ሳይገባ ጊታሩን ይዘሽ እቤት ነይ።"

ጊታሬ የአባቴን ቤት ደጃፍ አልፎ አያውቅም።

"ነገውኑ እመጣለሁ" አልኳቸው።