የፊት ጥርሴ የተረፈበት ቀን

ሻይ ውስጥ ቅርንፉድ በሸተተኝ ቁጥር ምላሴ ሳላዘው ወደ ላይኛው የፊት ጥርሴ ይሄዳል። አለ ወይ? አለ። ትናንትም ቢሮ ብርጭቆዬን አንስቼ እንዲሁ ሆንኩና ብቻዬን ሳቅሁ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ ጌዶ ነበር የምንኖረው። መረብ ኳስ ስጫወት ወድቄ የተመታው ጥርሴ በዓመቱ ጠቆረ፤ ከዚያ ድዴ አብጦ መግል ያዘ። እናቴ ቅርንፉድ ብታስነክሰኝም ፋታ አልሰጠኝም። አባቴ የከብት ነጋዴ ነበር፤ የበሬ ከንፈር ገልጦ ዕድሜውን ሲናገር ገበያው ሁሉ ያምነዋል። የኔንም ከንፈር በዚያው እጁ ገልጦ አየና «ይነቀላል» ብሎ ፈረደ። ያኔ በኛ ሰፈር የታመመ ጥርስ ሌላ ዕጣ አልነበረውም። እኔ ግን አለቀስኩ። በአሥራ ስድስት ዓመት ማን ወላቃ መባል ይፈልጋል?

በማግስቱ በሚኒባስ አምቦ ወረድን። ክሊኒኩ ራሱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል፤ የጠዋት ፀሐይ በሰፊው መስኮት ገብታ ወንበሩ ላይ አርፋለች። ሐኪሟ ወጣት ነበረች። ራጅ አነሳችኝና ፊልሙን ወደ ብርሃኑ ይዛ ለአባቴ አሳየችው።

«አባባ፣ ውስጡ ያለው ነርቭ ሞቷል። ሥሩ ግን ደህና ነው፤ አጥንቱን ይዟል። የሞተውን አውጥቼ፣ አጥቤ እሞላዋለሁ። ሩት ካናል የሚባለው ይሄ ነው። ጥርሷ ይተርፋል።»

«የሞተ ነገር አፍ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«የቤትዎ ምሰሶ የሞተ እንጨት አይደል እንዴ? ቤቱን ግን ይዟል።»

አባቴ መልሱን ወደደው፤ ነገር ግን በአንድ ቃል የሚረታ ነጋዴ አልነበረም።

«የላይ የፊት ጥርስ እኮ ነው» አለ። «በሬ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፣ ድድ ብቻ ነው። ያርሳል፣ ጠግቦም ያድራል። ለሷ ምን ያደርግላታል?»

እኔ አፌን ከፍቼ ወንበሩ ላይ ተጋድሜያለሁ። ልከራከር ብልስ በምን አፌ! ሐኪሟ ፊልሙን አስቀመጠች።

«በሬ አይስቅም፣ አባባ።»

አባቴ ወደኔ ዞረ።

«ቶሌ» አለ በኦሮምኛ፤ እሺ ማለቱ ነው። «ይቺ ደግሞ ሳቅ ትወዳለች። አክሚያት።»

ማደንዘዣ ስወጋ ከንፈሬ የሌላ ሰው ሆነብኝ፤ ሕመሙ ግን ቀረ። ሦስት ጊዜ ተመላለስን። አባቴ በየቀጠሮው አዲስ ቃል ይዞ ይመለሳል፤ ገበያ ላይ ሳይቀር በሬ ሲያሻሽጥ «የዚህ ነርቩ ሕያው ነው!» እያለ ሰውን ጥርስ አያስከድንም ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር!

የመጨረሻው ቀን፣ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ «እስቲ ሳቂ» አለኝ። ሳቅሁ። እሱም የጋቢውን ጫፍ አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ሁሌም እንዲያ ነበር የሚስቀው፤ ለጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ከላይ ሁለት የፊት ጥርስ እንደሌለው ግን አውቃለሁ፤ አብሮት የተፈጠረ ይመስል አንድ ቀንም ጠይቄው አላውቅም።

«አባዬ፣ ያንተስ መቼ ነው የተነቀለው?»

«ባንቺ ዕድሜ» አለ፣ ወደ መንገዱ እያየ። «የበሬውን ነገር የነገረኝ አባቴ ነው፤ ሲያስነቅለኝ። በሬ አይስቅም ብሎ የሚመልስለት ሰው ግን አልነበረም።»

ጋቢውን የያዘውን እጁን ወስጄ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። አሁን በሕይወት የለም። ያን ቀን ግን ጌዶ እስክንደርስ ሲያስቀኝና ሲስቅ ነበር፤ እጁን ከእጄ አላወጣም።