ለባዶ ወንበር ማስተርጎም

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነኝ። አባትና እናቴ መስማት የተሳናቸው ስለነበሩ ከአፌ በፊት የፈታሁት እጄን ነው። ቋንቋችንን ለጌጥ የሚፈልግ ሰው ገና ከሩቁ ይገባኛል።

ያን ቀን የተጠራሁት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ባለ ሆቴል ለሚሰጥ ሥልጠና ነበር። ከጤና ጣቢያ፣ ከትምህርት ቤትና ከድርጅቶች የመጡ ሰዎች አካል ጉዳተኞችን ስለ ማካተት ሊማሩ ተሰብስበዋል። አዳራሹን ብቃኝ ምልክት የሚያውቅ ሰው የለም። አዘጋጇን ለማን ነው የማስተረጉመው ብዬ ጠየቅኋት። መስማት የተሳናቸውን ለመጥራት ጊዜ አጠረን፣ ግን ከመድረኩ ጎን ብትቆም ለፎቶ ጥሩ ነው አለችኝ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ።

ቆምኩ። ሰልጣኞቹ ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ የሆቴሉ ባለቤት ተነሥቶ፣ እሱ ዘንድ አካል ጉዳተኛ ለሥራ መጥቶ እንደማያውቅ፣ ቢመጣ ግን በሩ ክፍት እንደሆነ ተናገረ። ተጨበጨበለት። አሰልጣኙ ቀጠለ። «አመለካከታችንን እንቀይር» ይላል፤ ወደ ምን እንደምንቀይረው ግን ትንፍሽ አይልም። ግማሹ ሰው ስልኩን ይነካካል። ለባዶ ወንበር ማስተርጎሙ ሲያንገሸግሸኝ የራሴን መናገር ጀመርኩ። ይሄ ሰውዬ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አላለም፣ ከረባቱ ከእሱ የተሻለ ሳያስብ አይቀርም አልኩ በእጄ።

በር ላይ ሳቅ ተሰማ። ሽርጧ የራሰ ሴት አፏን ይዛ ትስቃለች። ባለቤቱ ሂጂ ብሎ በእጁ አባረራት፤ ለአሰልጣኙም አትሰማም፣ ዕቃ አጣቢያችን ናት ብሎ አስረዳ። የጠዋቱን ንግግሩን ያስታወሰ ሰው ያለ አይመስልም።

እኔ ግን ነይ አልኳት። ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ስለ ምንድን ነው የሚያወሩት አለችኝ። ስለ አንቺ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና እጇን አወጣች። የምትለውን ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩላት።

«ኬክ መጋገር ተምሬያለሁ። ይህን ሲቀጥሩኝም ያውቁ ነበር። ኬክ ክፍሉ ሰው ሲጎድለው ለምን እኔን ትተው ከውጭ ያመጣሉ?»

ባለቤቱ እሷን አላየም፤ የመለሰው ለእኔ ነው። «እሷ እኮ አትግባባም።»

«ይኸው እየጠየቀችዎት ነው» አልኩት።

አሰልጣኙ ጉዳዩ የድርጅቱ የውስጥ ጉዳይ ስለሆነ ከሻይ በኋላ ይታያል ብሎ ዘጋው። ከሻይ በኋላ የታየው የምስክር ወረቀት ነው። ባለቤቱ ከነፈገግታው ተቀበለ። አዘጋጇ ሴትየዋን ለፎቶ ልታቆማት ብትጎትታት እጇን መንጭቃ የሰልጣኞቹን የምሳ ሳህን ልታጥብ ሄደች።

በሳምንቱ የሴትየዋን ጥያቄ ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። ባለቤቱ ቆሜ እንዳለሁ፣ ይታሰብበታል ብሎ ስልክ ማናገር ጀመረ። ስለዚህ ጎጃም በረንዳ ዳቦ ቤት ላላቸው፣ እናቴን ያውቋት ለነበሩ ሴትዮ ስለ ዕቃ አጣቢዋ ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ምልክት አያውቁም፤ ትምጣና ትጋግር፣ እቀምሳለሁ ብቻ አሉ። ቀምሰው ቀጠሯት። አሁን ሳልፍ ሁለቱን አያቸዋለሁ፤ ስኳር በዛ አልበዛም እያሉ በእጅ ይጨቃጨቃሉ። እትዬም መሳደቡን ከሌላው ምልክት ሁሉ ቀድመው ለምደውታል።