ምኑን ነው የጠገባችሁት?

ማክሰኞ። ቲቸር አስካለ ሞቱ።

አላመንኩም። እሑድ በስልክ ሲቆጡኝ ነበር፤ ድምፃቸው ሊሞት የተቃረበ ሰው ድምፅ አልነበረም። ወንድማቸው ጠዋት ደውሎ ሲነግረኝ "የትኛዋ አስካለ?" አልኩት፤ ሌላ አስካለ የማውቅ ይመስል።

ለማታውቋቸው፦ በደርግ ጊዜ የስፖርት መምህራችን ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ገርጂ ዳር ነው፤ የቀን ሠራተኛና የገበሬ ልጆች ነን። ከቦሌ ቡልቡላ በእግሩ የሚመጣም ነበር። ከሩጫ በፊት ስለ ምግብ ያስተምሩናል። አጥር ሥር ጎመን አስተክለውን፣ ስንለቅም "ለእናቶቻችሁ ንገሩ፣ ሽሮ ብቻውን አያሳድግም" ይሉናል።

እኛ ደግሞ "በልታችኋል?" ስንባል አንድ መልስ ነው ያለን፦ "ጠግበናል።" የቤትን ጉድ ውጭ ማውጣት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ቲቸር ይህን ስለሚያውቁ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው "ምኑን ነው የጠገባችሁት?" ይሉናል። እዚያ ላይ ውሸት ያልቅብናል። ያልበላውን ከሩጫ አውጥተው በሶ ይበጠብጡለታል።

አንድ ድንቡሽቡሽ ልጅ "ቲቸር፣ እኔም አልበላሁም" ሲላቸው፣ "አንተንማ በሶው ራሱ ይፈራሃል። ሩጥ!"

የአብዮት በዓል ሲቃረብ ለሰልፉ ልምምድ ፀሐይ ላይ ቆመን አንዲት ልጅ ወደቀች። ቲቸር አንስተው ጥላ ሥር አስተኟትና ሁላችንንም "ቁጭ በሉ" አሉን። ልምምዱን የሚመራው ካድሬ እየሮጠ መጣ።

"ጓድ! ልጆቹን አስነሺ።"

"አልበሉም።"

"የአብዮቱ ልጆች ተራቡ ነው የምትይው?" ወደ እኛ ዞረ። "ጠግባችኋል አልጠገባችሁም?"

"ጠግበናል!" አልን በአንድ ድምፅ።

ሳቀ።

"ምኑን እንደጠገቡ ጠይቃቸው" አሉት።

ከመካከላችን የተነሳ የለም።

በማግሥቱ ወሰዷቸው። ሲፈቱ ማስተማር ተከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ሹራብ እየሠሩ ኖሩ።

ዛሬ ወንድማቸው ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ አንተ ጻፈው አለኝ። እሺ አልኩ። ቀጠለና፣ "ሥራ የለቀቀችው በሕመም ምክንያት ነው በል።"

"የምን ሕመም?"

"ተው እንጂ ወንድሜ፣ ያ ካድሬም ሞቷል። ሙት ወቃሽ አትሁን።"

በሙት ላይ መዋሸትስ? እኚህ ሴት ጉንፋን እንኳ ከክፍል አስቀርቷቸው አያውቅም። የተባረሩት የተራበ ልጅ ተርቧል ስላሉ ነው። አንድ መሥመር ነው። እሱን ለመስማት እንኳ ጆሮ የለንም?

ይህን የምጽፈው ፎቶ ቤት ቆሜ ነው፤ ለቀብሩ የሚያዘውን ፎቶ ላሳድግ መጥቼ። አሁን ወንድማቸው መልእክት ላከ፦ "ካልተስማማህ ሌላ ሰው ይጽፈዋል።" የፎቶ ቤቷ ልጅ "ጋሼ፣ ፍሬሙ ጥቁር ይሁን?" ትለኛለች። ፎቶውን እዚያው ትቼ ወደ ለቅሶው ቤት እየወጣሁ ነው።

ቲቸር፣ ደህና ይሁኑ። እውነቱ ሳይነበብ አፈር አይለብሱም።