ከመቀመጫው ሥር ያለችው ማጥፊያ

እናቴ ያረፈችው በሱብሒ፣ በንጋቱ ሶላት ሰዓት ነው። ወንድሜ ከሰንበቴ ከተማ ማዶ ካለው ሰፈራችን ደወለ።

«የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር እንደተሰገደ ለቀብር ትወጣለች። ፊቷን እንድታዪ ሳትከፈን ድረሺ» አለኝ።

ኢና ሊላሂ ብዬ ሻሼን አሰርኩ። ባለቤቴ እህል የሚያመላልስባት አሮጌ ፒካፕ ግቢያችን ቆማለች። በዋዜማው በእሷው ሄደን እናቴን ጠይቀናት ነበር። ትንሽ ሳል ነበራት እንጂ ደህና ነበረች። በአሮጌ ሻሿ ማሾ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ከመቀመጫው ሥር አድርጌው ከሚሴ ቤታችን ገባን።

ባለቤቴ ቁልፉን አዞረ። ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ደጋግሞ ሞከረ።

«በሚኒባስ ልሂድ» አልኩት።

«ከአስፋልቱ ወዲያ ያለውን በእግርሽ አትችይውም። አሁን ትነሳለች።»

እውነቱን ነው፣ ጉልበቴ ደካማ ነው። ተቀመጥኩ። ጎረቤቶች መጥተው ገፉ። አንድ ባጃጅ ነጂ በበሩ ሲያልፍ አየንና፣ «አያ፣ ይቺን ሽጥና አህያ ግዛ፣ እሷ እንኳ ስትመታ ትነሳለች» ብሎ ሳቀ። እናቴ ማረፏን ሲነግሩት ባጃጁን አቁሞ አብሮ ገፋ።

መካኒኩ የመጣው ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ካንዴላውን ፈትቶ አየ። «እሳት አለው። ቤንዚን ነው የማይደርሰው» አለ። ማጣሪያውን አውጥቶ በአፉ ነፋው፤ ንጹህ ነው። ቧንቧውን ፈታ፣ መልሶ አሰረ። እኔን ሲያይ፣ «ኦብሳ፣ እትዬ፣ ይታገሱ» ይለኛል።

አምስት ሰዓት ላይ ወንድሜ መልሶ ደወለ።

«እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት፣ እስከ አስር እናቆያት?»

አፌ ድረስ መጣ። አቆዩልኝ ልል። ግን ለሟች ክብሩ መፍጠን ነው፤ እሷም በሕይወቷ ሰው ማስጠበቅ አትወድም ነበር።

«አታቆዩ» አልኩት።

መካኒኩ ጆሮውን ወደ ታንከሩ አስጠግቶ ቁልፉን አስከፈተ። «ፓምፑ ድምፅ የለውም። አያ፣ የሌባ ማጥፊያ አለህ እንዴ?»

ባለቤቴ እጁን ከመቀመጫው ሥር ሰደደ። ገበያ ሲያቆማት ቤንዚኑን የሚዘጋባት ትንሽ ማጥፊያ አለች። ግቢ ውስጥ ነክቷት ስለማያውቅ አላሰባትም። አሁን ግን ወደ መዝጊያው ተገፍታ ነበር። መለሳት፤ መኪናዋ ወዲያው ተነሳች።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

በመንገድ ላይ፣ «እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ፤ ሳላውቀው ነክቻት ነው» አለ። ያኔ ትዝ አለኝ። ማታ የማሾውን ቋጠሮ ከመቀመጫው ሥር ሳወጣ አንድ ነገር ይዞኝ በኃይል ጎትቼው ነበር።

«የኔ እጅ ነው» ብዬ ነገርኩት።

«ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው። ራስሽን አትክሰሺ» አለኝ።

ስንደርስ ወንዶቹ ከመቃብር እየተመለሱ ነበር። የወንድሜ እጅ ላይ አፈሩ አልደረቀም። ያጠቧት ሴቶች ፊቷ አምሮ እንደነበር ነገሩኝ።

እኔ ያየሁት የዋዜማውን ፊቷን ነው። አጎንብሳ፣ ማሾው እንዳይፈስ ሻሹን ሁለቴ ስትቋጥረው። አልሐምዱሊላህ፣ እሱንም ያላገኘ አለ።

ማሾውን በሦስተኛው ቀን ለሰደቃ ቀቀልኩት። ሻሿን ሳላጥበው አስቀመጥኩት።